ጋሽ አድማሱ የወላጆች ኮሚቴ የገቡበት ዓመት

ከሥራ ከወጣሁ አንድ ዓመት አልፎኛል። ባለቤቴ ይርጋ ካረፈ ደግሞ ሰባት ወር ሆነው። ድሮ ለማዘጋጃ ቤቱ የምጽፈውን ሪፖርት ጮክ ብዬ የማነበው ለእሱ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «እዚህ ላይ ዋሽተሻል» ይለኛል። ውሸት ማለቱ አይደለም፤ አሳምረሽዋል ማለቱ ነው። አሁን የሚያርመኝ ስለሌለ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ባለፈው ሳምንት የወጣልኝ አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳችኝ አንዲት ወጣት ናት። እዚሁ እስራኤል ተወልዳ ያደገች የእኛው ልጅ ስትሆን፣ ዘንድሮ የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርት ሆና ተሾመች። ደወለችልኝና «ወርቅነሽ፣ የወላጆች ስብሰባ ጠርቼ ከእኛ ሰው ሁለት ብቻ መጡ። እነሱም አፋቸውን ሳይከፍቱ ሄዱ። እናንተ ያኔ ከርእሰ መምህርቷ ከዚቫ ጋር እንዴት ነበር ያደረጋችሁት?» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት አወራኋት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዋናውን ነገር እንዳልነገርኳት ገባኝ። ዋናው ነገር የሚጀምረው ከእኔ ጥፋት ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት በሀደራ ከተማ ትምህርት ቤቶች «መገሸሬት» ነበርኩ። በትምህርት ቤቱና ከኢትዮጵያ በመጡ ወላጆች መካከል የምትቆም ሴት ማለት ነው። ደብዳቤ እተረጉማለሁ፣ ቤት ለቤት እሄዳለሁ፣ ስብሰባ ላይ የአስተማሪውን ለወላጅ፣ የወላጁን ለአስተማሪ አደርሳለሁ። ደመወዙ በሰዓት ነበር፤ የሚሞላው ቅጽ ከሥራው ይረዝማል። ስለዚያ ይህን ካልኩ ይበቃል። የጀመርኩት መሀል ከተማ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ነቬ ሐይም ወደሚባለው ሰፈር አዛወሩኝ፣ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ቆየሁ።

እዚያ ያገኘሁት የመጀመሪያው ርእሰ መምህር ክፉ ሰው አልነበረም። ስብሰባ የሚጠራው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው በዕብራይስጥ ነው፤ ሰዓቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። የእኛ እናቶች ብዙዎቹ የጽዳት ሠራተኞች ስለሆኑ ገና ሳይነጋ ተነስተው አውቶቡስ ይጠብቃሉ፣ በዚያ ሰዓት ተኝተዋል። እሱ ባዶውን ወንበር ያይና «ግድ የላቸውም» ይላል። እኔም አላረምኩትም። አለቃ ማረም አልለመድኩም ነበር።

ጋሽ አድማሱን ያኔ ነው ያወቅኋቸው። ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ይሠራሉ፤ ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣሉ፤ በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣሉ ወይም ጎረቤት ሲኳረፍ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ኤላድ ሦስተኛ ክፍል ሆኖ ማንበብ ዘገየበት። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ወደ ልዩ ትምህርት ክፍል እንዲዛወር ወረቀት አዘጋጅታ አባቱን ጠራች። በጠረጴዛው ወዲያ አራት ሠራተኞች ተቀምጠዋል፣ በዚህ በኩል ጋሽ አድማሱ ብቻቸውን፣ እኔ ከጎናቸው።

አማካሪዋ በክፍሉ ያሉት ልጆች ጥቂት እንደሆኑ፣ ሁለት አስተማሪ እንዳለው፣ ልጁ እርዳታ እንደሚያገኝ ተናገረች። ተረጎምኩ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። በዚህ መንገድ የሄደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ላይ አይደርስም። አልስማማም ማለትም መብትህ ነው።»

ይህን አልተረጎምኩም።

እኛ ስናድግ፣ በሰው መካከል ቃል የሚያመላልስ ሰው ሻካራውን አስቀርቶ ለስላሳውን ያደርሳል። ተጣልተው ለተኳረፉ ሰዎች ስትላኪ «እንዲህ ብሎሻል» አይባልም። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። በታላቄ ፊት «ልጅዎ አይደርስም» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። «ልጁን ሊረዱት ነው፣ ጥሩ ነው ይላሉ» አልኳቸው።

«እናንተ ካላችሁ» ብለው ፈረሙ።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የበዓል ቀን ናሓል ሀደራ መናፈሻ ሄደን ባሕር ዛፎቹ ሥር ምሳችንን ይዘን ተቀምጠናል። ጋሽ አድማሱ ከቤተሰባቸው ተነጥለው ወደ እኛ መጡ። ይርጋ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ወርቅነሽ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ቀን ሴትየዋ ረጅም ነገር ተናግራ አንቺ አጭር ነው የነገርሽኝ። ቀሪው የት ደረሰ?»

ኤላድ ፈተናው ላይ እንደማይደርስ ከሌላ ሰው ሰምተው ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው፣ ያስቀረሁትንም አንድ በአንድ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እሺ» ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ የትምህርት ቤቱን ደጃፍ አልረገጡም።

ይርጋን «ይቅርታ ጠየቅኋቸው እኮ» አልኩት።

«ይቅርታው ላንቺ ይሆናል» አለኝ። «ለኤላድስ ምን አደረግሽለት?»

ምንም አላደረግሁለትም። ኤላድ ዛሬ ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ ሥራ ወዳድ ነው፤ አግብቶ ወልዷል። ፈተናውን ግን አልወሰደም። በራሱ ጉልበት ሰው ሆነ እንጂ እኔ ያቀናሁለት ነገር የለም።

ዚቫ ርእሰ መምህርት ሆና የመጣችው ጋሽ አድማሱ ናሓል ሀደራ በጠየቁኝ በዚያው ዓመት ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ጠዋት ጠዋት ቢሮ አትቀመጥም፣ በር ላይ ትቆማለች። ወላጅ ሲመጣ ስለ ልጁ አትጀምርም። «የምሽት ፈረቃ ነበርክ?» ትላለች፣ «እናትሽ ከሆስፒታል ወጣች?» ትላለች። ጥያቄ ጠይቃ ዝም ማለት ትችላለች። ብዙ አለቃ ወላጅ ቶሎ ካልመለሰ ራሱ ይመልስለታል፤ ዚቫ ግን ትጠብቃለች፣ እኔ ላብ እስኪያጠምቀኝ ድረስ። ከዚያ ወላጁ ይናገራል። የተናገረውን በራሱ ቃል ደብተሯ ላይ ትጽፍና «አንብቢለት» ትለኛለች። በአማርኛ አነብለታለሁ። «እንዲህ ነው ያልከው?» የሚቀጥለው ስብሰባ የሚከፈተው በዚያ ደብተር ነው፦ ይህ ተጠይቆ ነበር፣ ይህ ተደርጓል። ያልተደረገ ከሆነም አልተደረገም ትላለች። ወላጅ ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ነው እንጂ በኬክና በጭማቂ አይደለም።

የኤላድን ጉዳይ ነገርኳት። ታባብለኛለች ብዬ ነበር።

«ስንት ቃል ዘለልሽ?» አለችኝ።

«አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር።»

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ረጅም ከተናገርኩ አንቺም ረጅም ትናገሪያለሽ። የሚያስቀይም ከሆነ እኔን ይቀየሙኝ።» ቀጥላም «ግን ያ ሰው ለምን ብቻውን ተቀመጠ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከእናንተ ሰው የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ከመፈረሙ በፊት የሚነግረው አያጣም ነበር።»

የወላጆች ኮሚቴው ዘጠኝ ሰው ነው። በየዓመቱ መከር ላይ ይመረጣል። ከተማሪው ብዙው የእኛ ልጅ ሆኖ፣ ኮሚቴው ውስጥ ግን ከእኛ አንድም ሰው ገብቶ አያውቅም።

ዚቫ ለመጀመሪያው ምርጫዋ ሁሉን አዘጋጀች። ሰዓቱን ወደ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት አመጣች። በደብዳቤ ፋንታ እኔ በአማርኛ የድምፅ መልእክት በየስልካቸው ላክሁ። ልጆቹን የሚጠብቁ አስተማሪዎች ተመደቡ። ከእኛ ሰው ሠላሳ መጣ፤ ደረቴን ነፍቼ በር ላይ ቆሜ ነበር። ዚቫ ሰላምታ ሰጠችና «መመረጥ የሚፈልግ እጁን ያውጣ» አለች። ከፊት የተቀመጡት እጃቸውን አወጡ። የእኛዎቹ ጫማቸውን ያያሉ። በሩብ ሰዓት ዘጠኙም ወንበር አለቀ።

ሰው ከሄደ በኋላ ዚቫ ወንበር እየደረደረች «መጡ እኮ። ለምንድን ነው ያልፈለጉት?» አለች።

«በእኛ ዘንድ እኔን ምረጡኝ ብሎ እጁን የሚያወጣ ሰው ሳይጠሩት አቤት ባይ ነው» አልኳት። «አንዱ አውጥቶ ቢሆን ኖሮ ከነገ ጀምሮ ማንም አያምነውም።»

«ይህን ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

ለእኔ እንደ ውኃ የጠራ ስለነበረ የሚነገር አልመሰለኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥያቄውን ለወጠችው። ከምርጫው በፊት በየሰፈሩ እየሄደች «እናንተ ማንን ትልካላችሁ?» ብላ ጠየቀች። የእኛን ሰዎች የሰበሰብናቸው ከአንድ ሕንፃ ሥር ባለው መጠለያ ውስጥ ነው፤ ሮኬት ሲመጣ መሸሸጊያ፣ ሰላም ሲሆን የሰፈሩ አዳራሽ ነው። ጋሽ አድማሱም መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ትንሿ ልጃቸው ሺራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። እቤታቸው አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በአራተኛው «ለአንቺ ብዬ ሳይሆን ለሺራ ብዬ እመጣለሁ» ብለውኝ ነበር።

ታድላ የምትባል የጥርስ ሐኪም ረዳት፣ ገና ወጣት እናት፣ «ጋሽ አድማሱ ይሁኑልን» አለች።

«እኔ? እኔ ሣጥን ተሸካሚ ነኝ። የተማረ ፈልጉ።»

ዚቫ ስማቸውን ልትሰርዝ ብዕሯን አወረደች። እጇን ያዝኳት።

«እምቢ አለ እኮ» አለችኝ በዕብራይስጥ።

«ገና አንዴ ነው። ሁለት ይቀራቸዋል።»

«ሁለት ምን?»

«ሁለት እምቢታ።»

ታድላ ቀጠለች፦ «እርስዎ ካልሄዱ ማን ሊሄድ ነው? እኔ ብናገር ልጅ ናት ይሉኛል።»

«ልጅ ነሽማ» አሉ ጋሽ አድማሱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። «ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል። ደረጃ አልወጣም።»

«ኮሚቴው ምድር ቤት ነው የሚሰበሰበው፣ ጋሽ አድማሱ» አለ አንዱ ከኋላ። «ሌላ በሽታ ይፈልጉ።»

እንደገና ተሳቀ። ጋሽ አድማሱ ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

«የሚያስተረጉመው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲህ ከጫናችሁብኝ» አሉ። ሦስተኛው እምቢታ ይኸው ነበር፤ ዚቫም ጻፈች። የሰፈሩ ሰዎች ታድላንም ጨመሩ፤ በምርጫው ሁለቱም ተመረጡ። ዚቫ ነገሩ በጣም ገርሟት በሌላ ሰፈር አንድ ከሩሲያ የመጣ አባት እምቢ ሲላት ሦስት ጊዜ ለመነችው። ሰውየው «ሴትዮ፣ መስማት ይሳንሻል?» ብሎ ወጥቶ ሄደ። እስከ ዛሬ ስናነሳው እንስቃለን።

ወንበር ማግኘት ግን ገና መጀመሪያው ነው። ዚቫ የስብሰባውን አጀንዳ ከአምስት ቀን በፊት ትሰጠኛለች። እኔ ጋሽ አድማሱ ቤት ሄጄ እያንዳንዱን ነጥብ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ከጎረቤት ጋር መክረው ይመጣሉ። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ ታድላ በዕብራይስጥ ትከተላለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች ጋሽ አድማሱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሮኒ፣ ጠበቃ ነው፣ ወደ ዚቫ ጠጋ ብሎ «ይሰማል ወይስ ይተኛል?» አላት። «ይመዝንሃል» አለችው።

ፀደይ ላይ አንድ ወረቀት መጣ። ለሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ክፍልን በሦስት ከፍሎ፣ አንደኛውን «ማጠናከሪያ ክፍል» የሚያደርግ ዕቅድ ነው። የስም ዝርዝሩ ከላይ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። ቆጠርኩት፤ ከሦስት ልጆች በቀር ሁሉም የእኛ ናቸው። ሺራም አለችበት። ሺራ ማንበብ የቻለችው ከክፍሏ ልጆች ቀድማ ነው። ወረቀቱን ይዤ ጋሽ አድማሱ ቤት ሄድኩ። ስም በስም አነበብኩላቸው። ሺራ ጋ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ፤ ከዚያ «ቀጥዪ» አሉ።

ዚቫ ዕቅዱን ጠልታዋለች። «ለምን ራስሽ አትጥይውም? ሥልጣኑ ያንቺ ነው» አልኳት።

«እኔ ብጥለው ከእኔ በኋላ የሚመጣው ያነሳዋል። ኮሚቴው ድምፅ ሰጥቶ ከጣለው ግን ማንሳት ይከብደዋል።»

«ብትሸነፊስ?»

«ኮሚቴው የወሰነውን እፈጽማለሁ። አለዚያ ለምን እጠራቸዋለሁ?» አለች። ያን ቀን ግን ምሳዋን ሳትነካ መለሰችው።

በስብሰባው ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት አንዲት ተቆጣጣሪ መጥታ ዕቅዱን አስረዳች። ሮኒ «ለልጆቹ ጥቅም ነው፣ ማን ይቃወማል?» አለ። ዚቫ አስተያየት ጠይቃ እንደ ልማዷ ዝም አለች። ጋሽ አድማሱ ቀስ ብለው ተነሱ።

«እኔ አንድ ጊዜ ለልጅህ ጥቅም ነው ተብዬ ፈርሜያለሁ» አሉ። «እዚሁ ትምህርት ቤት ነው። ያን ቀን ይህቺ ሴት» ብለው እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፣ «ዋናውን ቃል አስቀርታ የቀረውን ነገረችኝ። ክፋት አልነበረባትም። አፍራኝ ነው። እኔም አፍሬ ደግሜ አልጠየቅኋትም። በእኛ በሁለታችን ይሉኝታ መካከል ልጄ ቀረ።»

ንግግራቸውን ገቱ፤ የመተርጎም ተራው የእኔ ሆነ።

በክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ነበር። ከእሳቸው፣ ከእኔና ከዚቫ በቀር አንዱም ነገሩን አያውቅም። ማሳጠር እችል ነበር፤ ታድላ እንኳን አታሳጣኝም። «ይህቺ ሴት ያሉት እኔን ነው» አልኩ በዕብራይስጥ። ከዚያ የተናገሩትን ሁሉ፣ ስለ ራሴ ያሉትንም፣ እንዳሉት ተናገርኩ። ጋሽ አድማሱ ከንፈሬን እያዩ እስክጨርስ ጠበቁ፤ ልኩን የሚመዝኑ ይመስሉ ነበር። ጨርሼ ሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጠሉ።

«የዘገየ ልጅ ካለ አባትና እናቱን ለብቻ ጥሩ፣ እውነቱን ንገሯቸው፣ እነሱ ይወስኑ። ይህን ሁሉ ልጅ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት፣ አብሮ ዘገየ አትበሉኝ። ሺራ አውቶቡስ ስንሳፈር ፌርማታውን ሁሉ እያነበበች የምታወርደኝ እሷ ናት። ስሟ እዚህ ምን ይሠራል?»

ተቆጣጣሪዋ ወረቀቷን ገለባበጠች። ያን ጊዜ ከሩሲያ የመጣች አንዲት የኮሚቴ አባል «የእኔም ልጅ አለበት። ፈተና ተፈትኖ ነው?» አለች። ዚቫም «ዝርዝሩ በምን ወጣ?» ብላ ጠየቀች፤ ጠይቃም ዝም አለች። ተቆጣጣሪዋ በመጨረሻ ዝርዝሩ የወጣው ልጆቹ ሲመዘገቡ ከተሞላው ቅጽ እንደሆነ ተናገረች፤ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው ከሚለው ጥያቄ።

ሮኒ መነጽሩን አወለቀ። «እኔ ይህን አላውቅም ነበር» አለ። «ዕቅዱን የሚቃወም?» ብሎ ጠይቆ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ራሱ ነው። ሰባት እጅ ወጣ። አንዱ ደገፈ፣ አንዱ ድምፅ አልሰጠም። ዕቅዱ ወደቀ።

ታድላ ከበሩ እንደወጣን እልልታዋን ለቀቀችው፤ በኮሪደሩ የሚያልፍ የጽዳት ሠራተኛ ሰርግ መስሎት ቆመ። ዚቫ ግድግዳውን ተደግፋ ትስቅ ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ቤት ስደርስ ይርጋ ከፋብሪካ ገብቶ ተቀምጧል። ሁሉን ነገርኩት።

«ስላንቺ ያሉትንም ተረጎምሽው?»

«እሱንማ ጮክ ብዬ ነው።»

ተነስቶ ወጥ ቤት ገባና እራቴን አሞቆ አመጣልኝ። በትዳራችን ዘመን እራት ያሞቀልኝ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ድስቱንም አሳርሮታል። እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን ሁለት ቀን አስቀምጬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከእኛ ሰው የሌለበት ኮሚቴ አላየሁም። ታድላ ለሁለት ዓመት ሊቀ መንበር ሆናለች፤ ምክትሏ ሮኒ ነበር። ልጅ ወደ ልዩ ትምህርት ክፍል ይዛወር ሲባል ወላጅ ብቻውን አይጠራም፤ ከፈለገ የኮሚቴ አባል አብሮት ይቀመጣል። ይህን ደንብ ያወጣው ኮሚቴው ራሱ ነው። ለዚያች ወጣት ምክትል ርእሰ መምህርት በስልክ መንገር የነበረብኝ ይህንን ነው፦ ሰዓቱን ማስተካከልና መልእክት በአማርኛ መላክ ጥሩ ነው፤ ወላጅ የሚቆየው ግን እሱ የተናገረው ነገር አንድ ቀን አንድ ውሳኔ ሲለውጥ ሲያይ ነው። ያን ውሳኔ ደግሞ ከራሱ እጅ አንስቶ ለወላጁ የሚሰጠው ርእሰ መምህሩ ነው።

ዕቅዱ በወደቀበት ዓመት፣ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የሦስቱ ሁለተኛ ክፍሎች ስም ዝርዝር በመስተዋቱ በር ላይ ተለጠፈ። እናቶች በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ፣ ልጆች ስማቸውን ለማየት ይጋፋሉ። ጋሽ አድማሱ ሦስቱንም ዝርዝር በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉ። ዕብራይስጥ በደንብ አያነቡም፤ ሺራ ስሞቹን እያነበበች ነው። የእኛ ልጆች በሦስቱም ተደባልቀዋል። ሲጨርሱ ልጅቷን ወደ ክፍሏ ሸኟት፤ ወደ ሥራ ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ ዚቫ ቢሮ ገቡ። ሳይጠሩ ነው የገቡት።

«ዛሬ ስብሰባ አለ እንዴ?» አለችኝ ዚቫ።

«የለም። ግን አራት ነገር አለኝ ይላሉ።»

ወንበር ሳበችላቸው። ጋሽ አድማሱ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ተደላድለው ተቀመጡ። ከሴቶቹ ሽንት ቤት በር መቆለፊያ ጀመሩ።